የዌልስ ሊቃውንትና የሕዝባቸው ቋንቋ

ዌልስ በብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል የምትገኝ፣ ተራራማና አነስተኛ አገር ናት። ሕዝቧ ከ3 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ፣ ዌልሽ የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ አለው። ጐረቤቷ እንግሊዝ በሕዝብ ብዛትም በሀብትም እጅግ ይበልጣታል፤ በአንድ መንግሥት ሥር መተዳደር ከጀመሩም ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ይህ ቋንቋ ሳይጠፋ እንዴት ቆየ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በጥቂት ታላላቅ የዌልስ ሰዎች ሥራ መመርመር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. መጽሐፍ የሰጡት

በ1536 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ በዌልስ የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን፣ እንግሊዝኛ የማይናገርም ሰው በመንግሥት ሥራ እንዳይሾም ተደነገገ። ከዚህም በኋላ ሹመት የሚሻው መኰንን ሁሉ ፊቱን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ ዌልሽም እያደር የገበሬና የእረኛ ቋንቋ ወደ መሆን አዘነበለ።

ዳሩ ግን ያው ፓርላማ በ1563 መጽሐፍ ቅዱስ በዌልሽ እንዲተረጐም አዘዘ። ይህን ያደረገው ለቋንቋው አስቦ ሳይሆን፣ ሕዝቡ በማይሰማው ቋንቋ እየተሰበከ የፕሮቴስታንትን እምነት ሊቀበል ስለማይችል ነበር። በ1567 ዊልያም ሳልዝበሪ ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ኪዳንን ተርጉሞ አወጣ። ሳልዝበሪ ታላቅ ሊቅ ነበረ፤ ነገር ግን ቃላቱ ላቲን እንዲመስሉ አድርጎ ስለ ጻፋቸው አንባቢው ተቸገረ።

ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሰው ዊልያም ሞርጋን ነው። ሞርጋን በ1545 በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ካምብሪጅ ገብቶ ዕብራይስጥና ግሪክ ተማረ። ከዚያም የገጠር ቄስ ሆኖ ሲያገለግል ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉሞ በ1588 አሳተመ። የጥንት የዌልስ ባለቅኔዎች በጥብቅ የቅኔ ሕግ ጠብቀው ያቆዩትን ንጹሕ ቋንቋ መሠረት አደረገ፤ አጻጻፉን ግን ሕዝቡ ሊያነበው በሚችል መንገድ አስተካከለ። በዚህም ምክንያት የሰሜኑና የደቡቡ ሰው፣ ምንም እንኳ አነጋገሩ ቢለያይ፣ በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይነት የጽሑፍ ቋንቋ ይሰማ ጀመር።

፪. ማንበብን ያስተማሩት

መጽሐፍ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢ ያስፈልገዋል። ይህን የተረዳው ግሪፊዝ ጆንስ (1684–1761) የተባለ የደቡብ ዌልስ ቄስ ነው። ጆንስ ያቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች ተዘዋዋሪዎች ነበሩ። መምህሩ የእርሻ ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት በክረምት ወራት ወደ አንድ መንደር ይገባና ሦስት ወር ያህል ያስተምራል፤ ልጆች በቀን፣ ሥራ የዋሉ ትልልቅ ሰዎች በማታ ይማራሉ። ሲፈጽም ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ትምህርቱ በዌልሽ ነበር። ሰዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ማንበብ በጥቂት ወራት ይለምዳሉ፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ግን ዓመታት ይፈጅ እንደ ነበር ጆንስ ራሱ ያስረዳ ነበር። ብሪጅት ቤቫን የምትባል ባለጸጋ ሴት በገንዘቧ ረዳችው። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው፣ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ማንበብ እንደ ተማረ ይገመታል።

አንባቢው ሲበዛ ደግሞ መጽሐፉ አነሰ። በ1800 ሜሪ ጆንስ የምትባል የሸማኔ ልጅ ለዓመታት ገንዘብ ካጠራቀመች በኋላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ተጉዛ ባላ ወደምትባል ከተማ፣ ወደ ሰባኪው ቶማስ ቻርልስ ዘንድ እንደ ሄደች ይተረካል። ቻርልስ የዌልሽ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲታተም ለመማለድ ለንደን በወረደ ጊዜ፣ ለዌልስ የሚደረገው ለዓለም ሁሉ ለምን አይደረግም የሚል አሳብ ተነሣ። ስለዚህም በ1804 የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተቋቋመ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ የተረጐመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ጽሑፍ ገዝቶ፣ ሙሉውን በ1840 ያሳተመውም ይኸው ማኅበር ነው። የዌልስ ገበሬ ለቋንቋው ያቀረበው ልመና እኛ ዘንድም ደርሷል ማለት ነው።

፫. ክብሩን የመለሱት

በ1847 ዌልሽ የማያውቁ ሦስት እንግሊዛውያን መርማሪዎች ስለ ዌልስ ትምህርት ባወጡት ሪፖርት፣ ቋንቋው ለሕዝቡ ዕድገት መሰናክል እንደ ሆነ ጻፉ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽ ሲናገር የተያዘ ልጅ በአንገቱ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር፤ ልጁ ሌላ ተናጋሪ ሲያገኝ እንጨቱን ያስተላልፍለታል፣ ማታ በአንገቱ የተገኘበትም ይቀጣል።

ይህን እንጨት በልጅነቱ ካጠለቁት አንዱ ኦወን ኤድዋርድስ (1858–1920) ነው። ኤድዋርድስ ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ መምህር ሆነ። ነገር ግን ዕውቀቱን ይዞ በዚያ አልቀረም፤ በ1891 ለአዋቂዎች፣ በ1892 ለልጆች በዌልሽ መጽሔት አወጣ። በ1907 ደግሞ የዌልስ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ፣ እንጨት ያንጠለጠለበትን ትምህርት ራሱ ለማሻሻል በቃ።

በዚሁ ዘመን ሕዝቡ ዩኒቨርሲቲ ተመኘ። በ1872 በአበሪስትዊዝ፣ ሆቴል እንዲሆን ታስቦ ባለቤቱ በከሰረበት ሕንፃ፣ ኮሌጅ በ26 ተማሪዎች ተከፈተ። ወጪውን ለመሸፈን በየጸሎት ቤቱ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ድኾች ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን ሰጡ። ሆኖም ዌልሽ ተናጋሪው ባዋጣው ገንዘብ የቆመው ኮሌጅ ትምህርቱን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ሕዝብ ያስተማራቸው ሰዎች ከሕዝብ የሚለዩበት መንገድ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ሳይታሰብ ይከፈታል።

፬. መብቱን የጠየቁት

ሶንደርስ ሉዊስ (1893–1985) የቲያትር ደራሲና የኮሌጅ መምህር ነበረ። በ1936 መንግሥት በሰሜን ዌልስ የቦምብ መጣያ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቦታውን አቃጥሎ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ዘጠኝ ወር ተፈረደበት፤ ሥራውንም አጣ። በ1962 በራዲዮ ባሰማው ንግግር፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ዌልሽ ሕያው ቋንቋ መሆኑ እንደሚያበቃ አስጠነቀቀ። በአርአያነት የጠቀሰው ሊቃውንትን ሳይሆን አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛንና ሚስቱን ነበር። እነርሱም የግብር ወረቀት በዌልሽ ካልተጻፈልን አንከፍልም ብለው የቤት ዕቃቸው እስኪወሰድ ድረስ ለስምንት ዓመት ታገሡ፤ በመጨረሻም አገኙ። በዚያው ዓመት ወጣቶች የዌልሽ ቋንቋ ማኅበርን መሠረቱ። ሕግም በ1967 እና በ1993 ተሻሻለ፤ በ2011 ዌልሽ በዌልስ ይፋዊ ቋንቋነቱ ታወቀለት።

ሁሉም የዌልስ ሊቅ በዚህ መንገድ አልሄደም። ባለቅኔው ዲላን ቶማስ (1914–1953) ወላጆቹ ዌልሽ ቢያውቁም፣ ልጃቸውን ስላላስተማሩት የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያም ዓለም አወቀው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን በብዙ ሺህ ቤት ሲደጋገም ውጤቱ ምን እንደ ሆነ ቁጥሩ ያሳያል፦ በ1911 ከመቶው ከ43 በላይ ዌልሽ ተናጋሪ ነበረ፤ በ1961 ወደ 26 ወረደ፤ በ2021 ከ18 ጥቂት አነሰ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ቋንቋን ያቆየው ውዳሴ አለመሆኑን ነው። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየዘመናቸው «ያልተማረው ወገኔ አሁን የጐደለው ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁ። ሞርጋን መጽሐፍ፣ ጆንስ ንባብ፣ ኤድዋርድስ ክብር፣ ሉዊስ መብት ጐድሎ አገኙ፤ የጐደለውንም ለመሙላት ደከሙ። መማር ከወገን የሚለይ ግድግዳ የሚሆነው ይህ ጥያቄ ሲቀር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

፩. የዌልስ ኮሌጅ በሕዝብ ገንዘብ ቆሞ በእንግሊዝኛ ማስተማሩ ጥቅሙና ጉዳቱ ምን ነበር?

፪. ለቋንቋ መኖር የበለጠ የሚያስፈልገው የቱ ነው፤ ሕግ፣ ትምህርት ቤት ወይስ ቤተሰብ?

፫. በየቋንቋዎቻችን ዛሬ የጐደለው ምንድር ነው? ለመሙላትስ ተማሪው ምን ሊሠራ ይችላል?