የዱር ዳክዬን በግቢ ውስጥ ስለ ማርባት
ለፎገራ ሜዳና ለጣና ዳርቻ አርቢዎች የተዘጋጀ

ለፎገራ ሰው ዳክዬ እንግዳ ወፍ አይደለም። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ሸሸርና ወላላ በተባሉት ረግረጎች ዳክዬውና ዝዩ በመንጋ ይታያል። ሽማግሌዎች ይብራ ይሉታል። አዲሱ ነገር ይህን ወፍ በግቢው ለጌጥ ለማርባት የሚፈልግ ሰው መነሣቱ ነው። የመናፈሻ ባለቤት፣ የዓሣ ኩሬ የቆፈረ ገበሬ፣ አንዳንዴም በአረም ወቅት ከሣር ውስጥ እንቁላል ያገኘ ልጅ ስለ አያያዙ ይጠይቁናል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥቅሙ በግልጽ መናገር ይገባል። በአካባቢያችን ክርስቲያኑ በአብዛኛው ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ የውሃ ወፍ አይበላም። ስለዚህ በሥጋውና በእንቁላሉ እከብራለሁ ብሎ የሚጀምር ሰው ቢተወው ይሻላል፤ ለእርሱ ዶሮ አለለት። የዱር ዳክዬ የሚረባው ለዓይን ነው።

ሌላው ጉዳይ የቦታው ነው። በሌላ አገር ጌጠኛ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ብዙውን ጊዜ ወፉ በተፈጥሮ ከሚኖርበት ስፍራ ርቆ ይኖራል። በፎገራ ግን ዱሩ ከአጥሩ ማዶ ነው። ስለሆነም የፎገራ አርቢ አጥር በሁለት ወገን መሥራት አለበት፤ በውስጥ ያለው እንዳይወጣ፣ በውጭ ያለውም እንዳይገባና እንዳይወሰድ። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ወፉ ከየት ይገኛል?

ከሸሸርና ከወላላ በወጥመድ መያዝ ወይም እንቁላል መልቀም አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ በእጅ ማቆየት ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ ምክንያቱ በዓይን የሚታይ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ የግጦሹና የረግረጉ መሬት ወደ እርሻ ተለውጧል፤ በበጋም የረግረጉ ውሃ በሞተር እየተሳበ ለመስኖ ይውላል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ቢመዘገብም፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራበት ሣር በየዓመቱ እያነሰ ነው። በዚህ ላይ እንቁላሉ ከተለቀመ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በአረም ጊዜ ጎጆ ያገኘ ገበሬ እንቁላሉን ሳይነካ በዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ሳይታረም ቢተወውና ምልክት ይሆን ዘንድ ዘንግ ቢተክልበት፣ እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ትመለሳለች። ቦታው ከአንድ ወር ለማያንስ ጊዜ ይተው፤ የአብዛኞቹ የዱር ዳክዬዎች እንቁላል ለመፈልፈል አራት ሳምንት ያህል ይፈጃልና። ፈቃድ አግኝቶ ማርባት የሚፈልግ ደግሞ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ።

ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ጭራ ሹሎቹና ሌሎቹ እንግዶች ለማርባት አይሆኑም። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደመጡበት ይመለሳሉ፤ የሚራቡትም እዚያው ነው። ለእኛ አገር ግቢ የሚስማሙት ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩት፣ ማለትም ባለቢጫ መንቆሩ ዳክዬ፣ ፊቱ ነጭ የሆነው ፉጨተኛ ዳክዬና የግብፅ ዝይ ናቸው። በክንፉ ላይ እሾህ ያለው ትልቁ ጥቁር ዝይ ለጀማሪ አይሆንም፤ በእሾሁ ሌሎችን ወፎች ይጎዳል። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ደግሞ የውርጭ አገር ወፍ ስለሆነ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ላለው ሜዳችን ተስማሚ አይደለም።

ወንድና ሴትን ስለ መለየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ዓይነቶች ወንዱም ሴቷም በላባ አንድ ናቸው። ሁለት ወንዶች ገዝቶ ዓመታት እንቁላል የሚጠብቅ ሰው አለ። መለያው ድምፅ ነው። ከባለቢጫ መንቆሩ ዳክዬ ጮኻ የምትንጫጫው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ቀጭን ፉጨት ነው ያለው። የግብፅ ዝይ ወንዱ እንደ እባብ ሲነፋ ሴቷ በኃይል ትጮኻለች። በፉጨተኛው ዳክዬ ግን ድምፅም አይረዳምና የብልት ምርመራ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። የግብፅ ዝይ ጥንድ በእርባታ ወራት ሌላ ወፍ አጠገቡ እንዲደርስ ስለማይፈልግ ለብቻው ይያዝ።

ኩሬና አጥር

ኩሬው ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ዳሩ ግን ጫጩት በቀላሉ እንድትወጣ ቀስ ብሎ የሚዘቀዝቅ መሆን አለበት። ውሃው ሊለወጥ የሚችል ይሁን። በበጋ የቆመ፣ የሚሸት፣ የሞተ ነገር ያለበት ውሃ አንገት የሚያልፈሰፍስ መርዝ ያበቅላል፤ አንገቷን መሸከም ያቃታት ዳክዬ ስትታይ መንጋውን ሁሉ ከውሃው ማውጣት ይገባል።

የሽቦው አጥር ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከመሬት በታች ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ ይሠራ። ሸለምጥማጥ የሚገባው ቆፍሮም ወጥቶም ነው። ለጫጩት የተለየው ክፍል በላይ በኩል መረብ ይለበስ፤ ጭልፊት ቀን፣ ድመት ሌሊት ይጠብቃሉ።

ክንፍ ስለ መቁረጥም እንጠየቃለን። የአንዱን ክንፍ ትላልቅ ላባዎች መቁረጥ ሚዛኑን ስለሚያሳጣው ወፉ አይበርም። ዳክዬ ግን የክንፉን ላባ በዓመት አንድ ጊዜ በሙሉ አራግፎ አዲስ ያበቅላል፤ ያን ጊዜ ያልተጠነቀቀ አርቢ አንድ ጠዋት ባዶ ኩሬ ያገኛል። በማደግ ላይ ያለ ላባ በአገዳው ውስጥ ደም አለውና እስኪደርቅ ድረስ አይነካም።

መታቀፍ

በዓለም ዙሪያ የታወቀው ቀላሉ ዘዴ የዳክዬን እንቁላል ለዶሮ ማሳቀፍ ነው። የሐበሻ ዶሮ ለዚህ ሥራ ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል እንጂ ከዚያ በላይ በደንብ አትሸፍንም። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሲፈጅ የዳክዬው አንድ ሳምንት ያህል ስለሚጨምር፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን ተስፋ የምትቆርጥ ዶሮ እንዳትመረጥ ቀድሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ታቅፋ የተፈተነችው ትመረጥ። በቀን አንዴ ተነሥታ ትብላ፣ ትጠጣ። ዳክዬዋ ራሷ ብትታቀፍ እርጥብ ላባዋን ይዛ ትመለስ ነበር፤ ዶሮ ደረቅ ናት። ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ዶሮዋ በተነሣች ቁጥር እንቁላሉ ላይ ለብ ያለ ውሃ በእጅ ይረጭ። በሰባተኛው ቀን በጨለማ ቤት በባትሪ ሲታይ የደም ሥር ያልታየበት እንቁላል ይወገድ።

በማሽን ለሚፈለፍል፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱ ከፍ ይደረግ፤ መገልበጡም ይቆም።

ጫጩት

ሰው ጫጩቷ ዳክዬ ስለሆነች ወዲያው ወደ ኩሬ ይለቃታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በእናቷ ዳክዬ ሥር ያልነበረች ጫጩት ውሃ ይገባታል፤ በርዳት ትሞታለች። የመጠጫው ዕቃ ዝቅ ያለ ሆኖ ጠጠር ይጨመርበት፤ መንቆሯን እንድትነክር እንጂ እንድትዋኝ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስ። መብራት በሌለበት ሙቅ ውሃ የተሞላ እንስራ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመካከል ቢቀመጥ ሌሊቱን ያሳልፋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ፈጽሞ አይገባም።

አንዲት ጫጩት ለብቻዋ በሰው እጅ ካደገች ሰውን እንደ ወገኗ ትቆጥራለች፤ ስታድግም ጥንድ አትፈልግም። ሦስት አራት ሆነው ይደጉ።

መኖ ላይ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ትፈልጋለች፤ በዶሮ መኖ ብቻ ያደገች እግሯ ይንጋደዳል። እርሾ በኒያሲን የበለጸገ ስለሆነ ጥቂት የደረቀ እርሾ ከመኖው ጋር መቀላቀል ይረዳል። ሁለተኛ፣ የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ ለዳክዬ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር በሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪዎች ሲያልቁ፣ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞተዋል። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን የታወቀው በዚያ ምክንያት ነው። በክረምት ጎተራ ለሚረጥብበት ለፎገራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ኃይለኛ መኖ ተቀንሶ የተከተፈ ጎመንና ሣር ይብዛ፤ አለዚያ ክንፉ ወደ ውጭ ይጠመዘዛል።

በሽታና ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍ

ፈንግል ዶሮን ሲፈጅ ዳክዬ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳታሳይ ተሸክማው ትኖራለች። የወፍ ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ከውሃ ወፎች ወደ ዶሮ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ዳክዬ ያለው ቤት ዶሮዎቹን በቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባት በወቅቱ ያስከትብ፤ ዶሮና ዳክዬ በአንድ ገንዳ አይመገቡ፤ የግቢው ኩሬ ትርፍ ውሃም ወደ ረግረጉ አይለቀቅ። አቃፊዋን ዶሮ መርጦ ማስከተብ የሚገባው ገና ከማቀፏ በፊት ነው።

መጨረሻ ላይ፣ በዱሩ ፈንታ የቤት ዳክዬ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ እኛም እንመክራለን። ነገር ግን በቤት ከሚረቡት ዳክዬዎች አብዛኞቹ የመጡት አንገተ አረንጓዴ ከሆነው የሰሜን ዱር ዳክዬ ሲሆን፣ ያም ወፍ በደቡብ አፍሪካ ከባለቢጫ መንቆሩ ዳክዬ ጋር እየተዳቀለ የአገሬውን ዝርያ እያበላሸ ይገኛል። በእኛ አገር የፎገራን ከብት ዝርያ ለመጠበቅ በአንዳሳ የምርምር ማዕከል ምን ያህል እንደሚደከም የሚያውቅ ሰው የተበረዘ ዝርያ መመለስ ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል። የቤት ወንድ ዳክዬ ወደ ሩዝ ማሳው፣ ወደ ቦዩና ወደ ሸሸር አይለቀቅ። የበዛበት አርቢም ለጎረቤት ከመስጠቱ በፊት ጎረቤቱ አጥር እንዳለው ሄዶ ይይ።