በላፕቶፔ የሚሠራው ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሜን «ማርች ኔቲቭ» በሚለው አማራጭ ኮምፓይል ሳደርገው ላፕቶፔ ላይ ፈጠነልኝ። የቆየ ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይቆማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አማራጩ ኮምፓይለሩ የላፕቶፕዎ ፕሮሰሰር የሚያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። ለምሳሌ ኢንቴል ኤቪኤክስ 2 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ ያስገባው በ2013 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሃስዌል ፕሮሰሰር ነው፤ ከዚያ የቀደሙት ፕሮሰሰሮቹ አያውቁትም። የቆየው ሰርቨር እንዲህ ያለ የማያውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙ ይቆማል። ክፋቱ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሲነሳ ሳይሆን እዚያ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ነው፤ ፈተናውን አልፎ ደንበኛ እጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኤፍኤምኤ የተባለው የትእዛዝ ዓይነት ሲበራም ማባዛትና መደመር በአንድ ማጠጋጋት ስለሚሠሩ የአስርዮሽ ውጤቶች በመጠኑ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ወደ ሌላ ማሽን የሚሄደውን ፕሮግራም ሰርቨሩ በሚችለው ደረጃ ኮምፓይል ያድርጉ። ፍጥነት የሚሻውን ፈንክሽን ብቻ በሁለት ዓይነት ያዘጋጁና ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን አይቶ ይምረጥ። «ማርች ኔቲቭ»ን እዚያው ተሠርቶ እዚያው ለሚያገለግል ፕሮግራም ብቻ ይጠቀሙበት።