ስንቁን ሳይቋጥር የተወለደ ሕፃን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አጥቢያዎች ክርስትና ከሚነሡት ሕፃናት መካከል ከ37ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለዱ ይገኛሉ። በዚህ ትምህርታችን የእነርሱን አመጋገብ እንመለከታለን።

ሕፃን ለአጥንቱ የሚሆነውን ካልሲየምና ፎስፈረስ፣ ለደሙ የሚሆነውንም ብረት በአብዛኛው ከእናቱ የሚቀበለው በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ግን ስንቁን ሳይቋጥር መንገድ እንደ ጀመረ ሰው ነው። በወቅቱ ለተወለደ ሕፃን እስከ 6 ወር ገደማ የሚዘልቀው የብረት ክምችት ለእርሱ በ2 ወይም በ3 ወር ሊያልቅ ይችላል።

የእናት ጡት ወተት ለእርሱም ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ነው፤ ያልጠነከረው አንጀቱም በወተቱ ያለውን ማዕድን በሚገባ ይቀበላል። ይሁን እንጂ መጠኑ ለፈጣን እድገቱ ላይበቃ ይችላል። ካልሲየምና ፎስፈረስ እንደ ድርና ማግ ናቸው፤ ፎስፈረሱ ቢጎድል ካልሲየሙ አጥንት መሆኑ ቀርቶ በሽንት ይወጣል። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባም ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች ሆነው ለተወለዱና የእናት ወተት ለሚመገቡ ሕፃናት ከ2ኛው ሳምንት እስከ 6ኛው ወር፣ በየቀኑ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ብረት እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2011 መክሮ ነበር። የእያንዳንዱን ሕፃን መጠን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

እናት ደኅና ስለ ተመገበች ብቻ በወተቷ ያለው ብረት አይጨምርም፤ ስለዚህ ምግቧ የታዘዘውን ጠብታ አይተካም። ሆኖም ለራሷ ጤና በቂ ምግብ ያስፈልጋታልና የንስሐ አባቶች በጾም ወራት የምታጠባዋን እናት በአባታዊ ምክር ሊረዷት ይገባል። በየቤቱ ለጨቅላ የሚሰጡት ቅቤና የአብሽ ውኃ የጡት ወተቱን ቦታ ይሻማሉ፤ ሻይና የላም ወተትም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን እስኪጠመቁ መጠበቅ ግን ያዘገያል፤ ጠብታው የሚጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነውና። ስለዚህ ካህናት ወላድ ሲጠይቁ፣ ሰበካ ጉባኤያትም የክርስትና ምዝገባ ሲያካሂዱ፣ «ሕፃኑ በስንት ወሩ ተወለደ? ጠብታ ታዝዞለታል? እየወሰደ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ያልታዘዘለት ወይም ያቋረጠ ቢገኝ እናቲቱን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል።