ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ የእርዳታ ሥራ ለመማር

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በግጭት ተቃጠለች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገባ። በነዚያ ወራት በይፋት ቆላ ያልተፈናቀለ ወይም የተፈናቀለ ያላስጠጋ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነበር። በእርዳታ ድርጅት መሥራት የሚፈልግ የአካባቢው ወጣት ችግሩን በዓይኑ አይቶታል፤ የሚቀረው ሙያው ነው። ሙያውንም ገንዘብ ሳያወጡ መጀመር ይቻላል።

መጀመሪያ እጅ ይልመድ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ነው። አቅራቢያችሁ ባለው ቅርንጫፍ በበጎ ፈቃደኛነት ተመዝገቡ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና መቼ እንደሚሰጥም ጠይቁ። የሚደማ ቁስል ማሰርና እግሩ የተሰበረን ሰው ሳይጎዱ ማንሳት ስልክ በማየት ብቻ አይለመድም። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ያልፋልና፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በሰላም ቀንም ያስፈልጋል።

መለኪያው

በ1994 እ.ኤ.አ. ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት በኋላ በስደተኛ ካምፖች ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ። የእርዳታ ድርጅቶች ከዚህ ተምረው በ1997 እ.ኤ.አ. የጋራ መለኪያ ማዘጋጀት ጀመሩ። «ስፊር» የሚባለው መመሪያ ይህ ነው። አራተኛው እትም በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

በራሳችን አካባቢ እናስላው። ተፈናቃይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ 7 በ8 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 56 ካሬ ሜትር ነው። ስፊር ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል፤ ስለዚህ ክፍሉ የሚይዘው 16 ሰው ነው። ስልሳ ሰው ታጭቆ ካያችሁ ምን ያህል እንደጎደለ በቁጥር መናገር ትችላላችሁ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ነው፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ለ1,000 ሰው 15,000 ሊትር ይሆናል። አንድ የቦኖ ቧንቧ ለ250 ሰው ስለሚታሰብ አራት ቧንቧ ያስፈልጋል። ሽንት ቤት በመጀመሪያዎቹ የጭንቅ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ገብቶ «ውሃ ያንሳል» የሚልና «በቀን 9,000 ሊትር ይጎድላል» የሚል ሰው እኩል አይደመጡም።

ከባዱ ትምህርት

ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኛነትና ነፃነት የእርዳታ ሥራ መርሆች ናቸው። ለፈተና መሸምደዱ ቀላል ነው። አማራውም ኦሮሞውም ቤቱ በፈረሰበት፣ ሟቹን በቀበረበት አገር ግን የስንዴ ሰልፍ ፊት ቆሞ በችግሩ መጠን ብቻ ማስቀደም እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለብቻችሁ አታንብቡት፤ የሌላውን ወገን ሐዘን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተወያዩበት።

በስልክ የሚገኘው

«ካያ» እና «ዲዛስተር ሬዲ» የሚባሉት ድረ ገጾች ነፃ የኦንላይን ኮርስና ሰርተፍኬት ይሰጣሉ። በመርሆቹ ጀምሩ፣ ከዚያ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ፣ ቀጥሎ ተረጂዎችን ከጾታዊ ብዝበዛ መጠበቅ። እንግሊዝኛው ከከበደ ሦስት አራት ሆናችሁ አንብቡና ማስታወሻችሁን በአማርኛ ያዙ። ኔትወርክ ሲኖር ሰነዱን አውርዱ፤ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። «ሪሊፍዌብ» የሚባለው ድረ ገጽ የስልጠናና የሥራ ማስታወቂያ ያወጣል። «ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ግን እምቢ በሉ።

ዲግሪ ለሚፈልግ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ያስተምራል። ነርሱ፣ የውሃ ባለሙያው፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ የመጋዘን ኃላፊውም በየሙያቸው ይፈለጋሉ።

ሲቪ ላይ የሚረሳው

በአካባቢያችን ባለው የሰንበቴ ገበያ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር ይገናኛሉ። እዚያ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይሰማል፤ ሲቪው ላይ ግን «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብቻ ይጽፋል። አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትችሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት፤ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ እያላችሁ ደረጃውን ለዩ። የተፈናቀለች እናት ችግሯን በገዛ ቋንቋዋ የምትነግረው መዝጋቢ ያስፈልጋታል።