ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል? ከባጃጅ እስከ ላንድክሩዘር

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ላይ በብዛት የምናያቸው ሞተሮች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ባለ 1 ሲሊንደር ባጃጅ፣ በርበሬና በቆሎ የሚጭነው ባለ 4 አይሱዙ፣ እንዲሁም ባለ 6 ዋን ኤች ዜድ ላንድክሩዘር።

የባጃጁ ግልጽ ነው። ፒስተኑ ብቻውን ስለሆነ ሚዛን የሚጠብቅለት ጓደኛ የለውም፤ ክራንክሻፍቱ ላይ ያለው ክብደት ንዝረቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

አይሱዙ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል። 2 ፒስተን ሲወጣ 2 ስለሚወርድ ብዙዎቻችን "ተጣጥቷል" እንላለን። አልተጣጣም። ቢዬላው ስለሚያዘነብል ፒስተን በላይኛው ግማሽ ጉዞው ከታችኛው ይፈጥናል። በዚህም የተነሳ በእያንዳንዱ ዙር 2 ጊዜ ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንጥ ኃይል ይተርፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 4 እጥፍ ነው። በመስመር የተደረደሩት 6 ሲሊንደሮች ግን ክራንካቸው በ120 ዲግሪ ስለተከፋፈለ ይህም ትርፍ ኃይል እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

"ባለ 6 ስለሆነ አይበላም" የሚለውን ወሬ ግን እኔ አልቀበልም። ንዝረት ቀድሞ የሚጎዳው ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ፣ ቱቦና ቡሎን ነው። ፋሻና ሲሊንደር የሚበላው የገጠር መንገድ አቧራ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ አቧራ ሲሊንደር አይቆጥርም።

ስለዚህ ባለንብረቱ "መኪናዬ ይንቀጠቀጣል" ሲል ቴስታታ ለመፍታት አንቸኩል። በሚኒሞ አስነስተን የኢንጀክተር ቱቦዎቹን ተራ በተራ እናላላ። ሲላላ ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው፤ ሁሉም ከለወጡ ጎማውን እንይ። ይህ ለድሮው ፓምፕ ብቻ ነው። ኮመን ሬል ላይ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ በጭራሽ አይሞከርም።