የመንግሥት መርከብ በባዕድ ወደብ

ዐባያንና ጫሞን በየቀኑ ለምናይ ለአርባ ምንጭ ተማሪዎች የመርከብ ሕግ የሩቅ ነገር ሊመስለን ይችላል። ሁለቱ ሐይቆች በሞላ በአገራችን ውስጥ ስለ ሆኑ፥ በላያቸው የሚሄድ ጀልባ፥ የመንግሥትም ይሁን የዓሣ አጥማጅ፥ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሕግ ብቻ ነው። ጥያቄው የሚነሣው የመንግሥት መርከብ በሌላ አገር ወደብ ስትቆም ነው። በዚያ አበዳሪ ከሶ ሊያስይዛት ይችላልን?

የጦር መርከብ ከሆነች አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት በ29ኛው አንቀጽ እንደሚለው፥ የጦር መርከብ ማለት የአንድ አገር ጦር ኃይል ንብረት የሆነች፥ የዜግነቷን ምልክት በውጭ የያዘች፥ መንግሥት በሾመው መኮንን የምትታዘዝና መርከበኞቿ በጦር ሥነ ሥርዐት ሥር ያሉ ናት። ለንግድ ሳይሆን ለመንግሥት ሥራ ብቻ የምትሄድ መርከብም እንዲሁ ትጠበቃለች። ጭነት በኪራይ የምታመላልስ ግን፥ ባለቤቷ መንግሥት ቢሆንም፥ እንደ ማንኛውም ነጋዴ እንድትከሰስ የ1926ቱ የብራስልስ ስምምነት ደንግጓል።

ሕጉ በተግባር የተፈተነው በጋና ነው። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. «ሊበርታድ» የተባለችው የአርጀንቲና ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ፥ አንድ አበዳሪ ኩባንያ በአገሪቱ ዕዳ ስለ ከሰሰ፥ በቴማ ወደብ ተያዘች። ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 15 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ እንድትለቀቅ አዘዘ።

ይሁን እንጂ ይህ መብት ወሰን አለው። የአገሩን ሕግ የጣሰች የጦር መርከብ ከባሕር ክልሉ እንድትወጣ ልትታዘዝ ትችላለች፤ ላደረሰችውም ጉዳት መንግሥቷ ኀላፊ ነው። ደግሞም ሕጉ እንዳትያዝ ያደርጋል እንጂ ማረፊያ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከባችን በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች። ወደብ ያጣችን መርከብ ያለመያዝ መብት ብቻውን ሊያኖራት አልቻለም።

የባሕር ኃይላችንን እንደ ገና የማቋቋም ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። የባሕር በር የሌለው አገርም ሰንደቁን በባሕር ላይ የማውለብለብ መብት አለው። ነገር ግን የእኛ መርከቦች ሁልጊዜ የሚያድሩት በባዕድ ወደብ ይሆናል። ኢትዮጵያም የ1982ቱን ስምምነት ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም፤ ስለዚህ የምትደገፈው በልማዳዊው ዓለም አቀፍ ሕግና ከወደቡ ባለቤት ጋር በምትዋዋለው ውል ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ስለ መርከቦቹ ቁጥር ከመከራከራችን በፊት፥ የቆይታቸው ዘመን፥ የጥገናቸውና የመውጫቸው ነገር በውሉ እንዴት እንደሚጻፍ ልናጠና ይገባናል።