የሟች ደራሲ ዜማ እንዴት እንደ ገና ይሰማል?

በዚህ ጊዜ የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ከእኛ ቤት የራቀ ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ መጨረሻው የመዝሙር ክፍላችንን ደብተር ስለሚነካ ጥቂት ታገሡን።

በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል የጃዝ ቡድን አለ። መሪው ሳክስፎን ነፊው ረስ ገርሾን ነው። ይህ ቡድን በጥር ወር 1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ዜማዎች ተጫውቷል። ዝግጅቱም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያሳትመው «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ 20ኛ ሆኖ ወጣ። ቆይቶ ደግሞ ይኸው ቡድን ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ጋር ሆኖ አንድን ሟች የዜማ ደራሲ የሚያስብ አልበም ሠራ፤ በተከታታዩ 32ኛው ነው። ደራሲው ነርሲስ ናልባንድያን ይባላል።

ነርሲስ አርመናዊ ነው፤ የእኅት ቤተ ክርስቲያን ልጅ መሆኑ ነው። አጎቱ ኬቮርክ ናልባንድያን፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም አግኝተው ያስመጧቸው የ«አርባ ልጆች» የሙዚቃ መምህር ነበር። በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰም እርሱ ሲሆን ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ነርሲስ ራሱ በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ብዙ ደክሟል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

እንግዲህ ከሞተ ብዙ ዓመታት ያለፉትን፣ ራሱም ብዙ ሸክላ ያላስቀረጸውን ሰው ሥራ ባሕር ማዶ ያሉ ነፊዎች እንዴት ሊጫወቱት ቻሉ? ምክንያቱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ በኖታ ጽፎ ስለ ነበረና ወረቀቱ ስለ ተረፈ ነው! ወረቀት ግን ሁሉን አይይዝም። ኖታው የትዝታን ወይም የአምባሰልን ድምፆች ይነግራል፤ ቅላጼውን፣ የጉሮሮውን መሰበር አይነግርም። እኛ እንደምናስበው ኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ያስፈለጉት ለዚህ ነው።

ይህን ነገር አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት ሠሩለት። ምልክቱ ብራና ላይ ተጽፎ እያለ ግን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሳይሰማ አያዜምም፤ ምስክር ለመሆንም ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድረስ ይወርዳል።

ወደ ቆላችን እንመለስ። መተማ ላይ ሰሊጥ ሲታጨድ ከደጋ የሚመጡት ሠራተኞች የሚያዜሙት ስንት ነው! የማን ድርሰት እንደ ሆነ የሚጽፍ የለም፤ አጫጁ ሲመለስ ዜማውም አብሮት ይሄዳል። የሚያሳዝነው የእኛም የመዝሙር ደብተር ከዚህ ብዙ አለመሻሉ ነው። ገጹ ላይ ግጥሙ አለ፤ የደራሲው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ቅኝቱ ግን የለም። ስለ ደራሲያችን ስንጠየቅ «ዱሮ የነበረ ነው» እንላለን።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ከየኮሌጁ ስንመለስ ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል። ከየመዝሙሩ ራስጌ ስሙንና ዘመኑን መጻፍ፣ እንዲሁም የቀድሞ የመዝሙር ክፍል አባላት ሳያልፉ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት። አንድ ነገር ግን አከራክሮናል። ሽንፋ ላይ የሚዘመረው ከመተማ ዮሐንስ የተለየ ሆኖ ቢገኝ የትኛው ይያዝ? አንዳንዶቻችን «ትክክለኛው አንድ ነው፤ ሌላው ይሰረዝ» ብለዋል። እኛ ግን፣ የድጓ ትምህርት ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ በየስፍራው ስም ተጠብቆ እንደ ቆየ ሁሉ፣ ሁለቱም ከነቦታቸው ይጻፉ ባዮች ነን።